ቃሉስ ደህና ነው፤ ማብራሪያው ግን ሰው ይጎዳል፦ ስለ እርግዝናና አራስነት ቃላት ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ከጽንስ እስከ ክርስትና ያሉትን የአማርኛ ቃላት ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ፍቺና «እናቶቻችን የሚያደርጉት» ያለውን መፍትሔ አያይዞ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ ይዛው እንድትቀመጥ ይመክራል። መሰብሰቡ ያስመሰግነዋል። ድርስ (ልትወልድ የተቃረበች)፣ እንሽርት (ማህፀን ውስጥ ልጁን የከበበው ውሃ)፣ እንገር (የመጀመሪያው የጡት ወተት)፣ እርግብግቢት (የሕፃን አናት ላይ ያለው ለስላሳ ቦታ) የሚሉትን ቃላት ከተማ ያደገ ወጣት እየረሳቸው ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ምርመራ ክፍል ስትገባ ግን አዋላጇ የምትጠይቃት በእነዚሁ ቃላት ነው። ጠባችን ከማብራሪያው ጋር ነው። የቤት ቃል የሚናገረው የታየውን ነው፦ ልጅ ሞተባት፣ ትኩሳት ያዛት፣ ልጁ ቢጫ ሆነ። ለምን ለሚለው መልስ አልያዘም። ጽሑፉ ግን ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምክንያትና አንድ መድኃኒት ቆርጦ ሰጥቷል። ከፊሉ ቀላል ስህተት ነው፣ ከፊሉ ሰው ይገድላል። በማዋለድና በሕክምና ማስተርጎም የምንሠራ ሰዎች አንድ ላይ ሆነን ነጥብ በነጥብ መልሰናል።

«የመውለጃ ቀንሽን ለማወቅ የመጨረሻው ወር አበባ በታየበት ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከሰባት ቀን ደምሪ።»

ይህ ስሌት የተሠራው ለፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እዚያ ወሮቹ 31፣ 30፣ 28 እያሉ ስለሚሄዱ ሰባት ቀን ሲጨመር ወደ 280 ይጠጋል። የእኛ ወር ሁሌም 30 ነው፤ ዘጠኙ ወር 270 ቀን ይሆናል፣ 280 ለመሙላት የሚጎድለው 10 ቀን ነው። ስለዚህ የሚደመረው ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ነው። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን አምስቱን ቀን እሷ ስለያዘችው የሚጨመረው 5 ብቻ ነው፤ ዘመነ ሉቃስ ሆኖ ጳጉሜን 6 ከሆነች 4።

ወር አበባዋን መስከረም 10 ቀን 2017 ያየች ሴት ቀኗ ሰኔ 20 ቀን 2017 ነው። ጥር 10 ቀን 2017 ያየች ደግሞ ጳጉሜንን ስለምታልፍ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ይሆናል። በጽሑፉ መንገድ ብትሄድ የመጀመሪያዋ ሦስት ቀን ቀድማ፣ ሁለተኛዋ ሁለት ቀን ዘግይታ ትቆጥራለች። ሁለት ሦስት ቀን ምን ያመጣል የሚል ይኖራል። ምጥ ሳይመጣ 41 ሳምንት የሞላት እናት ምጥ ይጀመርላት ወይ የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው በዚሁ ቆጠራ ነው፤ 42 ካለፈ በኋላ እንግዴ ልጁ ይደክማል፣ ልጁም ማህፀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል።

ከዚህ የባሰ ስህተት የሚመጣው ግን በመነሻው ቀን ነው። የሚቆጠረው ደሙ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ካቆመበት ቀን አይደለም። ብዙ እናት ደግሞ በበዓል ታስታውሳለች። «የመስቀል ማግስት» ካለች መስከረም 18 ነው፣ «ጥምቀት ዕለት» ካለች ጥር 11 ነው፤ ጥሩ ነው። «ለፋሲካ» ወይም «ረመዳን ሲገባ» ካለች ግን የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠይቆ ቀኑን ከካሌንደር ማውጣት ያስፈልጋል፣ ሁለቱም በየዓመቱ ይዞራሉና። ጡት እያጠባች ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ላይ ሆና ወር አበባ ሳታይ ላረገዘች በጣት መቁጠር አይሠራም። አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል፤ እሱም ቶሎ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የታየ አልትራሳውንድ ቢሳሳት በአንድ ሳምንት ገደማ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የታየ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል። ከ24 ሳምንት በፊት አንዴ መታየት የሚመከረው ለዚህ ነው።

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ልጅ ግን አያድግም።»

ይህን ጽሑፉ እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ቢያቀርበው ዝም እንል ነበር፤ «በልምድ የተረጋገጠ» ብሎታል። በማህፀን ውስጥ የሚቆይበት እያንዳንዱ ሳምንት ሳንባውን ያጎለብተዋል፤ የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ የበለጠ የመትረፍ ዕድል አለው። አደጋው ቤተሰቡ ቃሉን አምኖ ልጁን መተዉ ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው፦ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳው ከቆዳዋ ተጣብቆ፣ በነጠላ ታስሮ መዋልና ማደር። በጤና ተቋም «ካንጋሮ» የሚሉት ይህን ነው፤ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ከተቻለ 24ቱንም። «ማሞቂያ ክፍል ከሌለ አለቀ» የሚባለውም ትክክል አይደለም።

እዚሁ ላይ ጽሑፉ ያለፈው አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። «ስምንት ወር ገባኝ» እና «ስምንት ወር ሞላኝ» በሚሉት መሐል አንድ ወር ሙሉ አለ። ገባኝ ያለች ሴት የሞላት ሰባት ነው፤ 210 ቀን፣ ልክ 30 ሳምንት። ሞላኝ ያለች 240 ቀን፣ 34 ሳምንት ከሁለት ቀን። ያለ ቀኑ ምጥ ለመጣባት እናት የልጁን ሳንባ የሚያጠነክረው መርፌ የሚሰጠው በጥቅሉ እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አንዷ መርፌው ያስፈልጋታል፣ ለሌላዋ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ አስታማሚ «ስምንት ወሯ ነው» ብሎ ማቆም የለበትም፤ ገባ ወይስ ሞላ፣ ከተቻለም ቀኑን ይናገር።

«ውርጃ፣ መጨንገፍ፣ አስወረደች፣ አስወረዳት ሁሉም አንድ ነው፤ እንደየአገሩ ይባላል።»

አንድ አይደለም። «አስወረዳት» ሲባል ሳትፈልገው ወጣባት ማለት ነው፤ እንደ «ራባት» እና «አመማት» አድራጊ የሌለው አነጋገር ነው። «አስወረደች» ሲባል ራሷ ወይም በሐኪም እጅ እንዲወጣ አደረገች ማለት ነው። «ጨነገፈባት» ከመጀመሪያው ጋር ይሄዳል። ይህን አለመለየት በአሜሪካም በእስራኤልም ሆስፒታል አስተርጓሚዎችን ሁልጊዜ የሚያሳስት ነው፦ ልጅ የሞተባት እናት በካርዷ ላይ ጽንስ ያቋረጠች ተብላ ትጻፋለች። ጉዳቱ የስሜት ብቻ አይደለም። በተደጋጋሚ አስወረዳት የተባለች ሴት የሚደረግላት ምርመራ አለ፤ አስወረደች ከተባለ ግን ያን ምርመራ የሚያዝላት የለም።

በጤና ተቋም አቆጣጠር እዚህ አገር ከ28 ሳምንት በፊት የወጣ ውርጃ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሕይወት ሳይኖረው የወጣ «ሞቶ የተወለደ» ይባላል። አንዴም ቢሆን ከተነፈሰ ወይም ልቡ ከመታ «ተወልዶ የሞተ» ነው። አዋላጇ «ስንት ጊዜ አረገዝሽ?» ስትል በሕይወት ያሉትን ልጆች ብቻ መቁጠር ልማድ ነው። የወጣውም፣ የሞተውም፣ ማህፀን የተጠረገበትም ይቆጠር። ስንተኛ ወር ላይ እንደነበር፣ ቀድሞ የመጣው ደም ነበር ወይስ ውሃ፣ ሕመም ነበረው ወይስ አልነበረውም ተብሎ የሚጠየቀው በከንቱ አይደለም። ቀጥሎ ላለው ቃል መፍቻው እዚያ ነው።

«ሾተላይ ማለት የባልና የሚስት ደም አለመስማማት ነው፤ መርፌ አለው።»

ከድሮው ዛርና መንፈስ ይህኛው ይሻላል፤ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ሾተላይ በሕዝብ አፍ ልጅ በተከታታይ ሲሞት የሚሰጥ ስም ነው፤ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው። የደሙ ጉዳይ ከእነዚያ አንዱ ነው።

እሱን እናስቀድም። የሚነሳው እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው፤ አርኤች በደም ላይ ያለ አንድ ምልክት ነው፣ ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። ኤ፣ ቢ፣ ኦ የሚባለው ዓይነት መለያየት ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ልጁን ቢጫ ሊያደርገው ይችላል፣ ግን «እኔ ኦ ነኝ፣ እሱ ኤ ነው፣ ሾተላይ አለብን» ብሎ የሚያስጨንቅ አይደለም። ባልም ኔጌቲቭ ከሆነ ልጁ ኔጌቲቭ ነው፤ ችግር የለም። ኔጌቲቭ እናት የፖዘቲቭ ልጇ ደም ወደ ደሟ ሲቀላቀል ሰውነቷ ያንን ደም የሚያጠቃ መከላከያ ያመርታል። መቀላቀሉ በአብዛኛው በወሊድ ጊዜ ስለሚሆን የመጀመሪያው ልጅ ደህና ይወጣል፤ ሁለተኛውን ሦስተኛውን ነው የሚጎዳ። «የሾተላይ መርፌ» የሚባለው መከላከያው ከመመረቱ በፊት ይቀድማል። የሚወሰደው በ28ኛው ሳምንትና ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ 72ቱ ቢያልፍም እስከ 10 ቀን መውሰዱ ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል። ጽሑፉ ያልነገራችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ውርጃም፣ ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝናም፣ ሆድ ላይ የደረሰ ምት ወይም በእርግዝና ጊዜ የመጣ ደምም መርፌውን ይጠይቃል። «ልጅ አልወለድኩም» ተብሎ የሚታለፈው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ መከላከያው አንዴ ከተመረተ መርፌው አይመልሰውም። ያኔ የሚያስፈልገው በደም ምርመራ መጠኑን እየተከታተሉ በትልቅ ሆስፒታል መታየት ነው። ስለዚህ የደም ዓይነት የሚታወቀው ልጅ ከሞተ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው የክትትል ቀን ነው።

አሁን ወደ ሌሎቹ። ጽንሱ በየጊዜው ሦስት ወር ሳይሞላ የሚወጣ ከሆነ የአርኤች ነገር እምብዛም አይጠረጠርም፤ የጽንሱ አፈጣጠር፣ የእናት ስኳር፣ እንቅርት ወይም የደም መርጋት ችግር ይታያል። በአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለ ብዙ ሕመም ውሃው ፈሶ የሚወጣ ከሆነ የማህፀን በር መላላት ነው የሚጠረጠረው። ይህ በ12 እስከ 14 ሳምንት ግድም በክር ሊቋጠር ይችላል፤ መርፌ ብትወጋ ምንም አይጠቅማትም። ዘግይቶ ሞቶ የሚወለድ ከሆነ ቂጥኝ፣ ስኳርና ደም ግፊት ይመረመራሉ፤ ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል፣ ግን ባልም አብሮ መታከም አለበት። ልጁ አብጦ ከሞተ፣ ወይም ተወልዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ወደ አርኤች ይመልሰናል። «ሾተላይ አለብኝ» ያለች እናት ትክክለኛ መልሱ «መቼ መቼ ነው የሞቱብሽ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ስለ አምሮት የተጻፈው ላይ ጊዜ አናጠፋም። ያማራትን ያልበላች እናት ልጇ ላይ ምልክት አይወጣም፤ «ማርያም የሳመችው» የሚባለው ጥቁር ነጥብ ከቆዳው ቀለም የመጣ ነው። አፈር የሚያምራት ሴት ግን ደሟ ይታይ። ሄሞግሎቢኗ ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው፤ በክትትል የሚሰጣት እንክብል 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘው ነው። ከሻይና ከቡና ጋር ከዋጠችው አይረኑ በደንብ አይዋሃዳትም።

«የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጥ እስኪመጣ ሦስት ቀን ድረስ መጠበቅ ይቻላል።»

አይቻልም። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ለጀርም በሩ ክፍት ነው፤ 18 ሰዓት ካለፈ ለእናቲቱ ፀረ ተሕዋስያን መጀመር የተለመደ አሠራር ነው። ውሃ ሲፈስ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ሰዓቱ፣ ቀለሙ፣ ሽታው። ንጹሕ ወይም ገርጣ ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ ጓዝ ይዞ መሄድ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ ማህፀን ውስጥ ዓይነ ምድር ወጥቷል፤ ተጨንቆ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር። ከሸተተ ኢንፌክሽን ነው። እትብት ቀድሞ ብቅ ካለ በጉልበቷና በደረቷ ተደፍታ፣ መቀመጫዋን ከፍ አድርጋ ወደ ሆስፒታል ትወሰድ፤ እትብቱን ወደ ውስጥ ለመመለስ መሞከር አይገባም።

ሰዓቱን በተመለከተ ውጭ አገር ያላችሁ ልብ በሉ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ፈሰሰ» ያለች እናት ቃሏ እንዳለ ተተርጉሞ ከተጻፈ 8 ሰዓት ጠዋት ይሆናል። የእኛ ሌሊት 8 ለእነሱ 2 ሰዓት ነው፤ ከ18ቱ ሰዓት ላይ ስድስቱ በዝምታ ጠፉ ማለት ነው።

ምጡ ራሱስ? ጽሑፉ «እውነተኛ ምጥ ከወገብ ይጀምራል» ብሎ አቁሟል። ከወገብ መነሳቱ አንድ ምልክት ነው፣ አይበቃም። እውነተኛው እየተቀራረበ፣ እየረዘመ፣ እየበረታ ይሄዳል፤ ብትራመድም ብትተኛም አይተዋትም። የውሸቱ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ስታርፍ ይቀላል። ለመጀመሪያ ልጅ በየአምስት ደቂቃው መጥቶ አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይ ምጥ አንድ ሰዓት ከዘለቀ ጊዜው ነው፤ ለወለደች ከዚያ ቀድሞ። ከጤና ጣቢያ ርቃ ለምትኖር ይህ ሁሉ ቆጠራ አይሠራም፤ 37 ሳምንት ካለፋት ወደ እናቶች ማቆያ ብትገባ ይሻላታል።

«ልጁ ከወጣ ተገላገለች ይባላል። እንግዴ ልጅና እትብት አንድ ናቸው፤ በራሳቸው ጊዜ ይወጣሉ፤ ከዘገዩ ጠርሙስ ትነፋለች ወይም በፀጉሯ ጉሮሮዋን ነክተው ያስታውኳታል።»

እትብት ገመዱ ነው፣ እንግዴ ልጅ ገመዱ የተያያዘበት ሥጋ። ተገላገለች የሚባለውም እሱ ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ነው። ልጁ እንደወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ሆዷ ላይ ሌላ ልጅ አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በታፋዋ ትወጋለች። ይህ መርፌ ማህፀኑን ያኮማትረዋል፣ ደሙን ይቀንሳል። እንግዴ ልጁ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይወጣል። 30 ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል፤ ጠርሙስ መንፋት አያወጣውም፣ ጊዜ ይበላል። ፊኛዋ ሞልቶ ከሆነ ትሽና፣ ልጁን ጡት ታስይዘው፤ ከዚያ በላይ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ያልሠለጠነ ሰው እትብቱን ከጎተተ ይበጠሳል፣ ወይም ማህፀኑ ተገልብጦ ይወጣል፤ ያኔ በደቂቃዎች ውስጥ ሞት ሊመጣ ይችላል።

በድንገት ቤት ለወለደች፦ እንግዴ ልጁ በንጹሕ ፕላስቲክ ተደርጎ ከእናቲቱ ጋር ጤና ጣቢያ ይሂድ። አዋላጇ ገልብጣ፣ የጎደለ ቁራጭ እንዳለ ታያለች፤ ትንሽ ቁራጭ እንኳ ውስጥ ከቀረች ደሙ አይቆምም። ቤተሰቡ መቅበር ከፈለገ ለአዋላጇ አስቀድሞ ይንገራት። ከወጣም በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው ሆዷን መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ማህፀኗ ከእምብርቷ ግድም ጠንክሮ መገኘት አለበት። ከላላና ደሙ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያህል ከሆነ ወይም ሞዴሱን ወዲያው ወዲያው እያራሰ ከሆነ ድንገተኛ ነው። «ደሙ ይውጣላት፣ የቆየ ነው» የሚባለው ምክር ስንት እናት እንደጨረሰ አዋላጅ ሁሉ ያውቀዋል።

«እትብት እንዲደርቅ ቅቤ ይቀባል።»

ምነው ጽሑፉ ባልወጣ ያሰኘን ነጥብ ይህ ነው። እትብት የሞተ ሥጋ ነው፤ ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት ሲቀባበት መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ጀርም መግቢያ ያገኛል። ልጁ ተወልዶ ሁለት ቀን ደህና ይጠባል፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ መጥባት ያቅተዋል፣ አፉ ይቆለፋል፣ ሲነኩት ይንዘፈዘፋል። ከዚያ ወዲያ ማዳን እጅግ ከባድ ነው። መከላከሉ ግን ቀላል ነው፦ እናት በእርግዝናዋ የቴታነስ ክትባት ሁለት ጊዜ፣ በአራት ሳምንት ልዩነት፣ ሁለተኛው ቢያንስ ከመውለዷ ሁለት ሳምንት በፊት።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ልጁ እያለቀሰ ደህና ከሆነ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ የሚሻገረው ደም በኋላ ደም ማነስ ይከላከልለታል። ከሆዱ ሁለት ጣት ርቆ አንድ ጊዜ ይታሰራል፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ጣት ርቆ ሁለተኛ፤ በሁለቱ መሐል በአዲስ ምላጭ ወይም በተቀቀለ መቀስ ይቆረጣል። ከቁራጩ ደም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ማሰሪያው ላልቷል፣ በላዩ ሌላ ይጨመር። የሚቀባው ነገር ካስፈለገ ጤና ተቋም የሚሰጠው 4 ከመቶ ክሎርሄክሲዲን ነው፤ በቀን አንዴ እስከ 7 ቀን። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፦ የዓይን ቅባቱ ቴትራሳይክሊንም በቲዩብ ነው የሚመጣው። ክሎርሄክሲዲን በስህተት ዓይን ላይ ተደርጎ ሕፃናት ላይ ከባድ የዓይን ጉዳት የደረሰባቸው አገሮች አሉ። ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ አታስቀምጡ። ዳይፐሩ ከእትብቱ በታች ይታጠፍ። ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል። ዙሪያው ያለው ቆዳ ከቀላ፣ መግል ካለው ወይም ከሸተተ ግን የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው።

«እንገር ያረጀ ወተት ነው፤ ታልቦ ይደፋል። እስከዚያ ቅቤ ያልሱታል፣ የስኳር ውሃ ይሰጡታል።»

ጥጃ እንገሩን ተከልክላ ስትዳከም ያየ ገበሬ ይህን አይጽፍም። እንገር ወፍራምና ቢጫ የሚሆነው በሽታ ተከላካይ ስለታጨቀበት ነው። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጥቢ የሚመጣው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ የልጁም ሆድ የሚይዘው ያንኑ ነው። «ወተት የለኝም» የሚባለው ከዚህ ይመነጫል። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ፣ ከዚያ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ጡት የሚያጋተው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው፤ ቶሎ ቶሎ የጠባ ልጅ ቶሎ ያመጣዋል። ቅቤ የላሰ ልጅ ጠግቦ ይተኛል፣ ጡቱ አይነካም፣ ወተቱም ይዘገያል። ከዚያም በላይ ቅቤው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

እየበቃው መሆኑን የሚነግራችሁ ለቅሶው ሳይሆን ጨርቁ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዴ፣ በሁለተኛው ሁለቴ እያለ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ መሽናት አለበት። ጥቁሩ ዓይነ ምድር በአራተኛው አምስተኛው ቀን ወደ ቢጫ ይለወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱ እስከ 10 ከመቶ ሊቀንስ ይችላል፣ በሁለት ሳምንት ይመልሳል።

«እርግብግቢት ከጎደጎደ በቅቤ ይሞላል» ለተባለው፦ የጎደጎደው ልጁ ፈሳሽ አጥቶ ነው፤ ማጥባትና ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። ሳያለቅስ፣ ቀጥ ብሎ ተይዞ እያለ ያበጠ ከሆነ ደግሞ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። የፊተኛው በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር ይዘጋል፣ ኋለኛው በሁለት ሦስት ወር። «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ማስቆረጥም እንደዚያው ነው፦ መጥባት እምቢ ያለበት ምክንያት ሳይታወቅ ይቀርና ላዩ ላይ መድማትና ኢንፌክሽን ይጨመርበታል።

ልጁ ቢጫ ሲሆን «የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል» የሚለው ደግሞ ጊዜ ያስበላል። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን የጀመረ፣ ፊትና ደረት ላይ ብቻ ያለ፣ ልጁ በደንብ እየጠባ ያለ ቢጫ በሁለት ሳምንት ይለቃል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የታየ፣ መዳፍና ውስጥ እግር የደረሰ፣ ወይም ልጁን ያፈዘዘና ጡት ያስተወ ከሆነ ወደ አንጎል ሊደርስ ነው። ሆስፒታል ያለው ሰማያዊ ብርሃን ሕክምና ነው፤ የመስኮት ፀሐይ አይተካውም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቢጫውን ለማየት ግንባሩን በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅና የዓይኑን ነጭ ማየት ይረዳል።

«አራስ ትኩሳት ከያዛት ምች መትቷታል፤ ዳማከሴ ይታሽላት፣ በሩም ይዘጋ።»

አራስን ማሳረፍ፣ አጥሚትና ገንፎ ማብላት፣ ሰው ቤት እንዳይጨናነቅባት ማድረግ ጥሩ ባህል ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ግን በአሥር ቀን ውስጥ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት የማህፀን ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መጠርጠር አለበት። የአራስ ደሟ ከሸተተ፣ የታች ሆዷ ከታመመ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቀጥሎ ጡቷ፣ ሽንቷ፣ ወባ ባለበት አካባቢ ወባም ይታያል። ዳማከሴ እየታሸ የሚያልፈው አንድ ሌሊት ጀርሙ ወደ ደም የሚገባበት ሌሊት ሊሆን ይችላል። የአራስ ደም ጤነኛ ከሆነ ለሦስት አራት ቀን ቀይ፣ ከዚያ እስከ አሥር ቀን ግድም ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ በኋላ ገርጣ ያለ ሆኖ በስድስት ሳምንት ያቆማል። ከቀነሰ በኋላ እንደ አዲስ ከቀላና ከበዛ ቁራጭ ቀርቷል ወይም ኢንፌክሽን አለ። ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታም ከወሊድ በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት በደም ግፊት ሊመጣ ይችላል፤ ያንቀጠቀጣትን እናት «ዓይነ ጥላ ነው» ብሎ ማስቀመጥ ገዳይ ነው።

የተዘጋው በር ሌላ ጣጣ አለው። ቤቱ እንዲሞቅ ከሰል ተያይዞ መስኮቱ ሲደፈን ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ይጠራቀማል፤ እናትም ልጅም ተኝተው ይቀራሉ። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ውስጥም አይደር።

«በሽልም ታውጣሽ» እና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሁለቱም ለአራስ ጥየቃ ናቸው የተባለውን በአጭሩ እናርመው፦ የመጀመሪያው ገና ላልወለደች፣ ሁለተኛው ለወለደች ነው። የቤቱን እምነት ለማያውቅ ጠያቂ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ለሁሉም ይሆናል።

የመጨረሻው፦ «ልጅ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አይወጣም፤ ወንድ 40 ቀን፣ ሴት 80።» ቁጥሩ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ልጁ የሚጠመቅበትን ቀን ይወስናል። ጤና ጣቢያ መሄድን የሚከለክል ነገር የለውም። ከወሊድ በኋላ ክትትሉ በ24 ሰዓት፣ በሦስተኛው ቀን አካባቢ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለውና በስድስተኛው ሳምንት ነው። የቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ክትባት እንደተወለደ ይሰጣል፤ ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምችና የሮታ ክትባቶች በ6ኛው ሳምንት ጀምረው በ10ኛው ይደገማሉ። 6ኛው ሳምንት 42ኛው ቀን ነው፣ 10ኛው 70ኛው ቀን። በጽሑፉ ምክር ብንሄድ ወንዱ በ40 ቀኑ ተጠምቆ ከሁለት ቀን በኋላ ለ6ኛው ሳምንት ክትባት ይደርሳል፤ ሴቷ ግን የ6ኛውና የ10ኛው ሳምንት ዙር ሁለቱም አልፏት ነው ከቤት የምትወጣው።